«የመጨረሻው ችንካር»፦ ሥዕሉና ባለሀብቱ

ሥዕል በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ የሚገባው ለጌጥ ብቻ አይደለም። ይመሰክራል፤ ምስክር ደግሞ ይመረመራል። ሠዓሊው ቶማስ ሂል በ1881 የፈጸመው «የመጨረሻው ችንካር» የተባለው የዘይት ቀለም ሥዕል እንዲህ ያለ ምርመራ ይገባዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

ሥዕሉ ቁመቱ 8፣ ስፋቱ 12 ጫማ ያህል ሲሆን፣ ዛሬ የሚገኘው በሳክራሜንቶ በሚገኘው የካሊፎርኒያ የባቡር ሙዚየም ነው። የሚያሳየው ግንቦት 10 ቀን 1869 በዩታ፣ ፕሮሞንቶሪ በተባለ ስፍራ፣ ከምሥራቅና ከምዕራብ የመጡት ሁለት ሐዲዶች የተገናኙበትን ሥነ ሥርዓት ነው። መሐል ላይ መዶሻ ይዞ የቆመው የሴንትራል ፓስፊክ ባቡር ኩባንያ ፕሬዚዳንት ሌላንድ ስታንፎርድ ነው።

የሂል ችሎታ አይካድም። ሰባ ያህል ሰዎችን መልካቸው እንዲለይ አድርጎ በአንድ ሸራ ላይ አስፍሯል። ነገር ግን ቲዎዶር ጁዳ በሥዕሉ ውስጥ አለ፤ መስመሩን ያጠናው ይህ መሐንዲስ የሞተው በ1863 ነው። የስታንፎርድ ሸሪኮች የነበሩት ሀንቲንግተን፣ ሆፕኪንስና ክሮከርም በዕለቱ በስፍራው ሳይኖሩ በሥዕሉ ገብተዋል። ስለዚህ ሥዕሉ የዕለቱ መዝገብ ሳይሆን የክብር መዝገብ ነው።

ክብሩ ለማን ይገባ ነበር? ስታንፎርድ በ1824 በኒውዮርክ ክፍለ ሀገር ተወልዶ ሕግ ከተማረ በኋላ በ1852 ወደ ካሊፎርኒያ ሄዶ ነጋዴ ሆነ። በ1861 የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሆኖ በ1862 ደግሞ የክፍለ ሀገሩን ገዥነት ያዘ። ይኸውም ድጎማ የሚጠይቀውና ድጎማ የሚፈቅደው አንድ ሰው ሆነ ማለት ነው። የፌዴራሉ መንግሥትም እንደ መሬቱ አቀማመጥ ለአንድ ማይል ከ16,000 እስከ 48,000 ዶላር በብድር ሰነድ ይሰጥ ነበር፤ መሬትም ጨምሮ።

ከሳክራሜንቶ እስከ ፕሮሞንቶሪ ያለውን 690 ማይል በብዛት የሠሩት ከአሥር ሺህ የማያንሱ ቻይናውያን ናቸው። ስታንፎርድ ገዥ ሲሆን ባደረገው ንግግር እስያውያን ወደ ካሊፎርኒያ መግባታቸውን ተቃውሞ ነበር፤ በ1865 ግን እነዚሁኑ ሰዎች ታጋሽና ታታሪ ሲል ለፕሬዚዳንት ጆንሰን ጻፈ። ሐሳቡን የለወጠው ጉልበታቸውን መፈለጉ ነው። በሰኔ 1867 ከነጮች እኩል ደመወዝ እንዲከፈላቸው ጠይቀው ሥራ ባቆሙ ጊዜ፣ የግንባታው ኃላፊ ክሮከር ምግብ ከለከላቸው፤ አድማውም በሳምንት ገደማ ተሰበረ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባላል። እዚህ ግን ሸክሙ የሺሆች፣ ጌጡ የአንድ ሰው ሆነ።

ፍርዳችን ሚዛናዊ ይሁን። ስታንፎርድ አንድ ልጁ በ1884 በታይፎይድ ሲሞትበት ከባለቤቱ ጋር በልጁ ስም ዩኒቨርሲቲ አቋቁሟል፤ በ1891 ሲከፈትም ሴቶችን ተቀብሏል፤ የትምህርት ክፍያም አልጠየቀም። ይህ መልካም ሥራ ነው፤ የሠራተኞቹን ዕዳ ግን አይሰርዝም።

የሚገርመው፣ ሂል ሥዕሉን ያዘዘኝ ስታንፎርድ ነው ቢልም፣ ስታንፎርድ ሳይቀበለው ቀረ። መሐል የቆመውም ሰው ለሠራተኛው፣ ማለት ለሠዓሊው፣ ዋጋውን አልከፈለም።

መምህራን ይህን ሥዕል ለተማሪዎቻቸው ሲያሳዩ ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ፦ መሐል የቆመው ማን ነው? ሳይኖር የገባው ማን ነው? ሠርቶ ስሙ ያልተጻፈውስ ማን ነው?