ነሐሱና ፊደሉ፦ ስለ ኮሪያ ዘማቾች ሜዳይ

ስለ ሐውልት ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ሜዳይ ግን ሐያስያን እምብዛም ብዕራቸውን አያነሡም። ሐውልት አደባባይ ላይ ይቆማል፤ ሜዳይ በዓሉ ሲያልፍ ከሣጥን ይገባል። ይሁንና ሜዳይም የቅርፃ ቅርፅ ሥራ ነው፤ ስለዚህ በቅርፁም በይዘቱም ሊመዘን ይገባዋል።

በየካ ክፍለ ከተማ፣ በእንጦጦ ተራሮች ግርጌ፣ ኮሪያ ሠፈር የሚባል መንደር አለ። ስሙን ያገኘው ከቃኘው ሻለቃ ዘማቾች ነው። በራስ መኰንን የፈረስ ስም የተሰየመው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ በመርከብ ተነሣ። ተራ በተራ የዘመቱት ሻለቆች በድምሩ ከ6,000 በላይ ሰው አሰለፉ፤ ከ120 በላይ ወደቁ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ።

የእነዚህ ዘማቾች አንዱ ሜዳይ በታኅሣሥ 1943 ዓ.ም. የተወሰነው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የኮሪያ ሜዳይ ነው። ክብ ነሐስ ነው። በፊቱ በወይራ ቅጠል የታቀፈች ሉል፣ ማለትም የድርጅቱ ዓርማ፣ ተቀርጻለች፤ ጥብጣቡ ሰማያዊና ነጭ የሚፈራረቁበት 17 መስመር አለው። በቅርፅ በኩል፣ በእኛ እምነት፣ ሥራው ደካማ ነው። ሰው የለበትም፤ ተራራና በረዶ የለበትም። የመሥሪያ ቤት ማኅተም ይመስላል።

ሲገለበጥ ግን ሌላ ነው። ሜዳዩ በየዘማቹ አገር ቋንቋ ስለተዘጋጀ፣ የኛው በአማርኛ ተጽፎበታል፤ የቻርተሩን መርሆች ለመከላከል ለተፈጸመ አገልግሎት የተሰጠ መሆኑን በገዛ ፊደላችን ይናገራል። ይህን ጽሑፍ ያነበበው ትውልድ በ1928 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር ኢትዮጵያን ለወራሪ ሲተዋት ያየ ትውልድ ነው። ለሌላው አገር ወታደር የተለመደ የሕግ ቋንቋ የሆነው ሐረግ ለእርሱ ያልተከፈለ ዕዳ ነበር። ይዘቱ ቅርፁን ያዳነው እዚህ ላይ ነው።

ይህ ሜዳይ ለጀብዱ የሚሰጥ አይደለም፤ 30 ቀን ላገለገለ ሁሉ፣ ለወጥ ቤቱም ለመትረየስ ተኳሹም፣ እኩል ይሰጥ ነበር። የጀግንነት ሜዳይ፣ ለምሳሌ ከአሜሪካ ጦር ለአንዳንዶቹ የተሰጠው የብር ኮከብ፣ ምስክርና ጽሑፍ ይፈልጋል። በሌሊት ቅኝት ማንም ያላየው ጀብዱ ያለ ኮከብ ቀርቷል። (ስለዚህ ብዙዎች የሚንቁትን የአገልግሎት ሜዳይ ይህ ጸሐፊ አይንቀውም።)

ከ1966 ዓ.ም. በኋላ የዘማቾቹ ሜዳይ ከደረት ወርዶ ተደበቀ፤ የተዋጉት ከሶሻሊስቱ ጎራ ጋር ነበርና። በመስከረም 1977 ዓ.ም. ደግሞ በሰሜን ኮሪያ ርዳታ የተሠራው የትግላችን ሐውልት በቸርችል ጎዳና ለሌሎች ጀግኖች ቆመ። ደቡብ ኮሪያ በቹንቾን ለቃኘው ሐውልት ያቆመችው በ1960 ዓ.ም. ነበር።

ዛሬ ሜዳዩ በመስታወት ሣጥን ለእይታ ሲቀርብ ሉሏ ወደ ላይ ትሆናለች፤ ፊደሉ ከጨርቁ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። የኤግዚቢሽን አዘጋጆች አንዱን ገልብጠው ቢያስቀምጡት ምን ይጎዳቸዋል?