ጠርሙሱና ተክሉ

ውድ ተኪላ የተደረደረበትን መደርደሪያ ቀርቦ ለተመለከተ ሰው ቀድሞ ዓይኑን የሚስበው መጠጡ ሳይሆን ጠርሙሱ ነው፤ በእጅ የተሳለ ሸክላ፣ ያጌጠ ክዳን። ቅርጽ በይዘት ላይ ሲሰለጥን ይህን ይመስላል። ለመሆኑ ሰብሳቢው የሚሰበስበው ምኑን ነው?

ይዘቱ የሚገኘው በሜክሲኮ፣ ይልቁንም በሃሊስኮ ማሳዎች ላይ ነው። የእኛው ቃጫ ዘመድ የሆነው ሰማያዊ አጋቭ ለአጨዳ እስኪደርስ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ዓመት ይፈጃል። ሂማዶር የሚባለው ሠራተኛ ኮአ በተሰኘው ክብ ስለት ባለው መሣሪያ ቅጠሉን መልምሎ ልቡን ያወጣል። ልቡ ይበስላል፣ ይጨመቃል፤ ጭማቂው ተብላልቶ እንደ አረቄ ይነጠራል።

ሰብሳቢው ግን ዋጋን የሚለካው በበርሜሉ ዕድሜ ነው። አኜሆ ቢያንስ 1 ዓመት፣ ኤክስትራ አኜሆ ቢያንስ 3 ዓመት በእንጨት ውስጥ ይቆያል። ተክሉ በማሳ የቆየበትን ዘመን የሚቆጥርለት የለም። በእኔ ግምት ያልቆየው ብላንኮ ይበልጥ እውነተኛ ነው፤ እንጨቱ ሲበዛ የአጋቩ ድምፅ ይታፈናልና። ደግሞም ተኪላ በጠርሙስ ውስጥ አይጎለምስም፤ ሃያ ዓመት ቢቀመጥም ያው ነው።

አስተዋይ ሰብሳቢ ጠርሙሱን አዙሮ ጽሑፉን ያነባል። «100% አጋቭ» የሚል ከሌለበት ከስኳሩ እስከ 49% የሚደርሰው ከሌላ ምንጭ ሊሆን ይችላል። ኖም የተባለው ቁጥርም ማምረቻውን ይነግረዋል። ሦስት ስም ያላቸው ሦስት ጠርሙሶቹ ከአንድ ማምረቻ የወጡ መሆናቸውን አንዳንዴ የሚደርስበት ያን ጊዜ ነው።