ጣና ዳርን በሳይክል፦ ማን ደበቀብን?

ኧረ ዝም ማለት አልቻልኩም! ጣናን በጀልባ የጎበኘ ሰው ሞልቷል፤ በሚኒባስ ደርሶ፣ ፎቶ ተነስቶ የተመለሰም እንደዚያው። ሁለቱንም አልንቅም። ግን እናንተ ሰዎች፣ ይህን ዳርቻ በሳይክል የዞረው ማነው? የዞረው ካለስ ለምን አልነገረንም? ከባሕር ዳር ተነስቶ በሁለት ጎማ ወደ ዘጌ፣ ወደ ጢስ ዓባይ፣ ወደ ፎገራ ሜዳ መውጣትን የመሰለ፣ ኪስ ሳይጎዳ ልብ የሚሞላ ደስታ በአገራችን ካለ አሳዩኝ። አጋነንክ የሚለኝ ሰው መጀመሪያ ሳይክል ይከራይና ይምጣ፤ ከዚያ እንከራከራለን።

በየዓመቱ ቱር ደ ፍራንስ ሲጀመር ቴሌቪዥን ላይ ተተክዬ የምውለው ለውድድሩ ብቻ ብዬ አይደለም። ሄሊኮፕተሩ ከላይ ሆኖ የሚያሳየው የሱፍ አበባ ማሳ፣ አሮጌው የድንጋይ ድልድይ፣ ኮረብታ ላይ ጉብ ያለችው ቤተ ክርስቲያን፣ በመንደሮቹ መሀል እየተጥመዘመዘ የሚያልፈው ቀጭን አስፋልት፣ እሱ ነው የሚያስቀናኝ። እ.ኤ.አ. በ2016 ጽጋቡ ግርማይ በዚህ ውድድር የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ቅናቴ ትንሽ በረድ ብሎልኝ ነበር። ጨርሶ የለቀቀኝ ግን ባሕር ዳር ላይ ነው። ስሌቱን ሠራሁታ! የቱር ደ ፍራንስ ጀግኖች ትንፋሻቸው እስኪቆራረጥ 21 ጥምዝ ወጥተው የሚደርሱበት አልፕ ድዊዝ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ነው። ባሕር ዳር ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ተዘርግታለች። እነሱ ዓለም እያጨበጨበላቸው የሚወጡትን ከፍታ እኛ በዘንባባ ጥላ ሥር፣ ያለ አንዲት ዳገት፣ አንድ እጃችንን ኪሳችን ከትተን እንንሸራሸርበታለን ማለት ነው።

ይህን ለባሕር ዳር ሰው ብትነግሩት ብዙም አይደንቀው። ከተማዋ ሜዳ ናት፣ መንገዷ ሰፊ ነው፤ አባት ልጁን ከኋላ ጭኖ ትምህርት ቤት ሲያደርስ፣ ተማሪው ደብተሩን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ሲበር የኖረባት ናት። ባጃጅ ከመጣ ወዲህ ሳይክሉ ወደ ዳር መገፋቱ አልቀረም። (ባጃጅ ነጂዎች ይቅር ይበሉኝና፣ የኋላ ማሳያ መስታወታቸው ለጌጥ የተገጠመ ነው የሚመስለኝ።) ደግነቱ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ለሳይክል የራሱን መስመር አልነፈገውም። ርዝመቱ 380 ሜትር ነው። በማለዳ ከከተማው በኩል ገብታችሁ መሀሉ ላይ ስትደርሱ አንድ እግራችሁን መሬት አሳርፉ። በግራችሁ ጣና ያልቃል፣ በቀኛችሁ ዓባይ ይጀምራል። ካይሮ ድረስ የሚወራለት ወንዝ እዚህ ገና ከእንቅልፉ ያልነቃ ይመስላል፤ ደንገሉን ታኮ ቀስ ብሎ ይወጣል። መኪና ውስጥ ሆኖ ይህን ያየ ሰው የለም፤ ከኋላው ጥሩምባ ይነፋበታላ!

ከዚህ ሁሉ ግን ዘጌ! ዘጌ!

ከከተማው በምዕራብ በኩል ሲወጡ አስፋልቱ ያልቅና ኮረኮንቹ ይጀምራል። ግራና ቀኝ ዳጉሳ ነው፣ በቆሎ ነው፣ እዚህም እዚያም የጫት ማሳ ነው፤ በማዶ ሐይቁ ብቅ እልም ይላል። እንፍራንዝ ወንዝን ትሻገራላችሁ። (ጎንደር መንገድ ላይ ካለችው እንፍራዝ ከተማ ጋር እንዳታምታቱት።) ከብቶቹ መንገዱን ይዘዋል፤ ፍሬን ይዞ፣ ቀንድ ሸሽቶ፣ እረኛውን «እንደምን ዋልክ» ብሎ ማለፍ ነው። ልጆቹ «ሳይክል! ሳይክል!» እያሉ ከጎን ይሮጣሉ፤ አንዳንዱ እንዲያውም ይቀድማችኋል፣ በባዶ እግሩ።

ከዚያ ድንገት ጥላ ይወርድባችኋል። የምሬን ነው፣ ድንገት ነው! ከፀሐይ ወደ ጫካ የገባችሁበትን ቅጽበት ቆዳችሁ ያውቀዋል። በዋንዛና በሌሎች ትልልቅ ዛፎች ሥር ቡናው ጥቅጥቅ ብሎ ቆሟል፤ ጌሾውና ሎሚው ከመሀል ከመሀል ይታያል፤ ጦጣ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ይዘላል። አንድ የጎደለ ነገር እንዳለ ታስተውላላችሁ፤ ምን እንደሆነ ለመለየት ግን ጥቂት ጊዜ ይወስዳል። ለካ ከብት የለም! እስከ አሁን ሲጋፋችሁ የመጣው በሬና ላም ሁሉ ደብዛው ጠፍቷል። የዘጌን ገዳም ከመሠረቱት ከአቡነ በትረ ማርያም ጀምሮ በወረደው ወግ እዚህ ማረሻ አይገባም፣ ከብት አይሰማራም፣ ዛፍም እንዲሁ አይቆረጥም። የጣና ዙሪያ ሲመነጠር ይህ ጫካ በቃል ኪዳን ቆሟል። በመኪና ብትመጡ ጫካውን ታያላችሁ፤ የከብቱን አለመኖር ግን ልብ የሚለው ሲሸሻቸው የመጣ ሳይክል ነጂ ብቻ ነው።

አፈፋፍ መንደር ላይ በየደጁ የተሰጣው ቡና ሽታ ፔዳል ያስረሳል። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስትደርሱ ሳይክሉን ከቅጽሩ ውጭ አስደግፉ፣ ጫማ አውልቁ፣ ግቡ። ክብ ናት፤ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሸፍኗል። ጊዮርጊስ ፈረሱ ላይ፣ ጻድቃኑ፣ ሰማዕታቱ፣ ሰው በላው በላኤ ሰብ ሳይቀር። ሴቶችም ይገባሉ፤ እዚያ ፊት ለፊት ሐይቁ ላይ ያለው ክብራን ገብርኤል ግን ለወንዶች ብቻ ነው። ደግሞ ታሪኩ! እ.ኤ.አ. በ1866 አፄ ቴዎድሮስ የሰፈሩት እዚሁ ዘጌ ነበር፤ የእንግሊዙን መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳምን ከነባልደረቦቹ ያሳሰሩትም እዚሁ ነው። የመቅደላ መዘዝ አንዱ ጫፍ የተቋጠረበት መሬት ላይ ቆሜ ቆሎ ስቆረጥም ራሴን ታዘብኩት።

ወደ ዘጌ ስወጣ ስላገኘሁት ጎሚስታ ካላወራሁ ደግሞ ግፍ ይሆንብኛል። በዚህ አገር እሾህ እንደሆነ አያልቅም፤ ጎማዬ ጲስስ ብሎ ሲተነፍስ መንገድ ዳር ጃንጥላ ሥር የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ በእጁ ጠራኝ። ጎማውን በሁለት የማንኪያ እጀታ ፈልቅቆ አወጣው። የውስጡን ነፋና ጠርዙ በተሰበረ ሳፋ ውሃ ውስጥ እየነከረ አዞረው፤ አንድ ቦታ ላይ ቡልቅ ቡልቅ አለ። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው፣ ማስቲሽ ቀባው፣ እፍ እፍ አለበት፣ ከአሮጌ ጎማ የቆረጠውን ቁራጭ ለጥፎ በድንጋይ ደበደበው። አለቀ ስል ጣቱን ወደ ውጪኛው ጎማ ሰደደና እየዳበሰ ሄዶ እሾሁን ነቅሎ አሳየኝ።

«ወዴት ነህ ወንድሜ?»

«ዘጌ።»

«ለመሳለም?»

«ለመንዳት።»

«እንዲያው ለመንዳት ብቻ?» አለና እስኪበቃው ሳቀ። ከዚያ ካቴናውን አይቶ ፊቱ ተቀየረ። «ይሄ ደርቆ የለም እንዴ! እንዲህ እያንገጫገጭክ ነው የመጣኸው?» ዘይት ጠብ ጠብ አደረገለት። ለዘይቱ አላስከፈለኝም።

ጢስ ዓባይ ሌላ ጣዕም አለው። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአንዳሳ በኩል ይታለፋል። መሄጃው በጥቅሉ ወንዙ የሚወርድበት አቅጣጫ ስለሆነ ያዘነብላል፣ ሳይክሉ በራሱ ይፈሳል፤ ሒሳቡን የምትከፍሉት ስትመለሱ ነው። ፏፏቴውን ያላወደሰ የለምና እኔ አልደግመውም፤ መስከረም ላይ ሂዱ ብቻ፤ በበጋ አብዛኛውን ውሃ የኤሌክትሪክ ማመንጫው ይወስደዋል። እኔን እንደ መብረቅ የመታኝ ከፏፏቴው በፊት ያለው የአላታ ድልድይ ነው። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1626 ገደማ የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነው፤ የፖርቹጋሎች ድልድይም ይሉታል። ዛሬም ገበያተኛው ከነአህያው ይሻገርበታል። አስቡት እንግዲህ! ጠዋት በ2016 ዓ.ም. ድልድይ ዓባይን ተሻግራችሁ፣ ረፋድ ላይ እዚያው ዓባይ ላይ አራት መቶ ዓመት ገደማ ከቆየ ድንጋይ ጫፍ ተቀምጣችሁ ውሃ ትጠጣላችሁ። የፈረንሳይ ገጠር ከዚህ የሚበልጥ ምን ሊያሳየኝ ነው?

አዎ፣ አስፋልታቸው ይበልጣል። ይህንን አልክድም። ጊዜውም አለ፦ ክልሉ ባለበት ሁኔታ ከከተማ መውጣት እንደ ድሮው አይደለም። የመንገዱን ደኅንነት የአካባቢውን ሰው ሳይጠይቁ አይወጣም፤ ዛሬ አይሆንም ከተባለ አይሆንም፣ ክርክር የለውም። እንዲያ ያለ ቀን ከተማው ራሱ ይበቃል፤ የሐይቁ ዳር አለ፣ ድልድዩ አለ፣ ዳገት ላማረው የቤዛዊት ኮረብታ አለ።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትሄድ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ፣ ከሯጮቹ ጋር ሳይክል ነጂዎችም ልካለች፤ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነበሩ። ይህን የሚያህል ታሪክ ያለን ሰዎች ሳይክልን ወይ የልጅ መጫወቻ ወይ የድሃ መጓጓዣ አድርገን ቁጭ አልን። አውሮፓዊው ጡረተኛ ከመንደር መንደር ለመንዳት ብሎ ገንዘብ ይቆጥባል፤ እኛ ደጃችን ላይ ያለውን በባጃጅ እናልፈዋለን።

የሚቀጥለው የጎንደር መንገድ ነው፤ አሁኑኑ እግሬን ያሳክከኛል። ሐሙሲት፣ ጉማራ ወንዝ፣ ከዚያ ወረታ። ፎገራ ሜዳ ላይ ግራና ቀኝ ሩዝ ነው፤ አስፋልቱ እንደ ገበታ ለጥ ያለ ነው። አዲስ ዘመንን ካለፉ በኋላ ቀልድ የለም፣ ዳገት ነው፤ ግን ዳገቱ ላይ የአፄ ሠርፀ ድንግል ነው የሚባለው የጉዛራ ቤተ መንግሥት ቁልቁል ጣናን እያየ ይጠብቃል። ፍሬናችሁን አሠሩ፣ ትንሹ ማርሽ መግባቱን አረጋግጡ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ስለሚበረታ በማለዳ ውጡ። እኔ ሰላም ከሆነ ጥቅምት ላይ፣ ሩዙ ሳይታጨድ መሄዴ ነው። አብሮኝ የሚወጣ ካለ ፖምፓ ይዞ ይምጣ፤ የእኔ ራሱ ይተነፍሳል።