ድንጋዩ ተገኘ፤ ተቀባዩስ?

ስለ ይፋት ቆላ የተጻፈውን ሳነብ አንድ ነገር ያናድደኛል፤ ሰው የለበትም። ፈረንሳውያኑ ፎቬልና ኢርሽ ከሸዋ ሮቢት ብዙም ሳይርቅ ያሉትን የኖራንና የአስባሪን ፍርስራሾች አጥንተው ሲጽፉ ትልቅ ሥራ ሠርተዋል። የይፋት ወላስማዎች፣ እነዚያ በ1285 (እ.ኤ.አ.) የሸዋን ሱልጣኔት የጠቀለሉት፣ ከዜና መዋዕል ወጥተው መሬት የረገጡ መሰሉ። ታዲያ ግድግዳ ስለሰጋጁ ምን ይናገራል?

ወደ ሰሜን ወሎ ስንዘልቅ ሁሴን አሕመድን እናገኛለን። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ላይ ያተኮረው መጽሐፉ በእኔ ግምት እስካሁን ወደር የለውም። በየሼኹ ቤት የተቀመጠውን የዐረብኛና የዐጀም ጽሑፍ አገላብጦ የጀማ ንጉሡን ሙሐመድ ሻፊን፣ ከ1878ቱ (እ.ኤ.አ.) የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የመጣውን የግዳጅ ጥምቀት የተቃወሙትን ሼኽ ጦልሐ ጃዕፈርን አምጥቶልናል። ግን የሼኹን ገድል የሚጽፈው ደረሳው ነው፤ ደረሳ ደግሞ ስለ ሼኹ እንጂ ውሃ ስለቀዳው ኻዲም አይጽፍም። ስለዚህ ታሪኩ ሁሉ በሼኹ ዙሪያ ይሽከረከራል። ስለት ይዛ ከቆላ የወጣችው፣ ሌሊቱን ቡና ስትቆላ ያደረችው፣ ድቤውን የመታው፣ «አሚን» ያለው የት ገባ?

እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎችም አንሻልም እኮ! መንዙማ ስንሰበስብ የአውጪውን ስንኝ ሙሉውን እንገለብጣለን፤ የተቀባዩን አንድ ጊዜ ጽፈን ሦስት ነጥብ እናደርጋለን። ይኸው ነው ስሕተቱ። በሐድራ ላይ ተቀባዩ ነው ዜማውን የሚያሞቀው፣ የሚያዘገየው፣ አውጪውን «ጨምር» የሚለው። ስንኙ በዐጀም ጽሑፍ ወይም በካሴት ሊተርፍ ይችላል። ሐድራው ሲበተን፣ ጣሪያው ሲወድቅ፣ ወይም ዚያራው «ሽርክ ነው» ተብሎ መንገዱ ጭር ሲል፣ አብሮ የሚጠፋው በሦስቱ ነጥብ ውስጥ የነበረው ነው።

«አጉል እምነት ነው፣ ይቅር» የሚል ጓደኛ አለኝ። እንዲያምን አልጠየቅሁትም። የጫት ዱዓውን ምርቃት ከነጎረቤቱ መልስ ያልሰማ ሰው፣ የአማርኛ ግጥም እንዴት በሰው መሐል እንደሚሠራ አውቃለሁ ማለቱ ግን ድፍረት ነው።

ለመመረቂያ ጽሑፍ ወደ ሮቢት የምትወርዱ ካላችሁ፣ መቅረጫውን ከአውጪው አፍ ሥር አንሡና ወደ ኋላ ረድፍ ውሰዱት። መጀመሪያ የምትጠየቀው ደግሞ ጀበናው አጠገብ ያለችው እናት ናት፤ ማን ማን ይመጣ እንደነበር፣ የትኛው ቦታ ላይ ይቀመጥ እንደነበር የምታውቀው እሷ ናት።