«ሹካ ማንሻ» ወይስ ፎርክሊፍት? በመጋዘን አማርኛ ላይ የቀረበ ሒስ

የባዕድ ቃል ሁሉ ይተርጎም የሚለው ምኞት የሚነቀፍ ባይሆንም፥ ትርጕሙ በአማርኛ ሰዋስው ሳይመዘን ከወጣ ከውሰቱ የባሰ ችግር ያስከትላል። ለዚህ አብነት የምናደርገው ፎርክሊፍትን ለመተካት የሚቀርበውን «ሹካ ማንሻ» የሚለውን ስያሜ ነው። በአማርኛ ከመሣሪያ ስም ፊት የሚቀመጥ ስም ድርጊቱ የሚፈጸምበትን ነገር ያመለክታል። «ቡና መፍጫ» ቡና የሚፈጭበት፥ «እሳት ማጥፊያ» እሳት የሚጠፋበት ነው። በዚሁ ሥርዓት «ሹካ ማንሻ» ሹካ የሚነሣበት ዕቃ ይሆናል እንጂ በሹካ ጭነት የሚያነሣ ማሽን ሊሆን አይችልም። ሹካም ራሱ ከዐረብኛ የተወሰደ ስለሆነ፥ ተርጓሚው ከአንድ ውሰት ሸሽቶ ሌላ ውሰት ላይ ማረፉን ልብ ይሏል።

በእኛ አስተያየት የማሽኑ ስም ፎርክሊፍት እንደሆነ ቢቀር ጉዳት የለውም። መኪናና ጎማ ከጣልያንኛ ገብተው ዛሬ እንግዳ የሚላቸው የለም። ክፍሎቹ ግን በአገር ቃል ሊጠሩ ይችላሉ። በአርዲቦ ሐይቅ ዙሪያ የሚያርስ ገበሬ በአውድማው ላይ ገለባ የሚያነሣበትን ባለጣት እንጨት «መንሽ» ይለዋል። ከዚያ ተነሥቶ በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ወይም በከተማይቱ ደረቅ ወደብ ሥራ የሚይዝ ወጣት ሁለቱን የብረት ክንዶች «መንሽ» ተብለው ቢሰማ ምን እንደሆኑ ለመረዳት አስተማሪ አያሻውም። መንሽ ገለባ ወደ ላይ ይበትናል፤ የፎርክሊፍት ክንድ ግን ምንም መበተን የለበትም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ክብደት አለው። ይሁንና ሹካም ቢሆን የሚያስታውሰን የምግብ ገበታን ነው።

ከስያሜው ይልቅ የሚያሳስበን የትእዛዙ ቋንቋ ነው። «አንሣ» የሚለው ቃል ከፍ አድርግ ማለትም፥ ከዚህ ውሰድ ማለትም ይሆናል። አንድ ሠራተኛ መተላለፊያ የዘጋ ሣጥን እንዲወሰድለት ፈልጎ «አንሣው!» ሲል፥ ነጂው ባለበት ቆሞ ጭነቱን ወደ ላይ ቢሰቅለው በቋንቋው ጥፋተኛ አይባልም፤ ከሥሩ የቆመው ሰው ግን በአደጋ ላይ ነው። «ወደ ኋላ!» ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። ማሽኑን ወደ ኋላ ንዳ ማለት ነው ወይስ የመንሹን ምሰሶ ወደ ኋላ አዘንብል? ፎርክሊፍት የሚታጠፈው በኋላ ጎማው በመሆኑ፥ ሲዞር ጀርባው በሰፊው ስለሚወረወር፥ በዚህ አሻሚ ቃል ምክንያት ከኋላ ያለ ሰው ሊመታ ይችላል። ስለዚህ «ከፍ አድርግ»፥ «ውሰድ»፥ «ወደ ኋላ ንዳ» እና «ወደ ኋላ አዘንብል» ተለይተው እንዲጻፉና እንዲነገሩ እንጠይቃለን።

«የጭነት ማዕከል» የሚለውም እንዲሁ ያሳስታል። የጤና ማዕከልንና የንግድ ማዕከልን የለመደ አንባቢ ጭነት የሚሰበሰብበት ሥፍራ ይመስለዋል። የተፈለገው ግን የጭነቱ ክብደት መኻል ስለሆነ «የጭነት እምብርት» ቢባል ይሻላል። ነገሩ የቃል ጨዋታ አይደለም። ለምሳሌ ያህል፥ እምብርቱ ከመንሹ ቋሚ ፊት 50 ሳንቲ ሜትር ሲርቅ 2,000 ኪሎ የሚችል ማሽን እንውሰድ፤ ከፊት ጎማው መኻል እስከ መንሹ ቋሚ ፊት 40 ሳንቲ ሜትር ይሁን። እምብርቱ ወደ 80 ሳንቲ ሜትር ቢገፋ፥ በስሌት የሚችለው 1,500 ኪሎ ብቻ ነው። በእርግጥ የሚታመነው አምራቹ በማሽኑ ላይ የለጠፈው የአቅም ሰሌዳ ነው፤ ነጂው ግን እምብርት ምን እንደሆነ ካልገባው ሰሌዳውን ማንበቡ ምን ይረባዋል?

«የመረጋጋት ሦስት ማዕዘን» የተባለውንም አንቀበለውም። መረጋጋት በተለመደው አማርኛ ይበልጡን የመንፈስ ነገር ነው፤ ነጂውን አትቆጣ የሚል ምክር ይመስላል። ማሽኑ አራት ጎማ ይኑረው እንጂ የኋላ አክሰሉ መኻሉ ላይ ስለሚወዛወዝ የቆመው በሦስት ነጥብ ነው፦ በሁለቱ የፊት ጎማዎችና በኋላ አክሰል መኻል። ይህን «የሚዛን ጉልቻ» ብንለው በየቤቱ የታወቀ ነው። ድስት ክብደቱ ከሦስቱ ጉልቻ ውጭ ሲያርፍ ይደፋል፤ ፎርክሊፍትም ጭነቱን ከፍ አድርጎ ሲታጠፍ የሚገለበጠው በዚሁ ምክንያት ነው። ጭነት ይዞ ሲሄድ መንሹ ከመሬት ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ይበል የሚባለውም ለዚህ ነው።

ማሽኑ ሲገለበጥ ነጂው ምን ያድርግ ለሚለው «ራስህን አድን» ብሎ መጻፍ ከሁሉ የሚከፋ ነው። የሚያነበው ሰው ይዘላል፤ የዘለለውንም የማሽኑ ጣሪያ ይደፈጥጠዋል። ትክክለኛው ቃል «አትዝለል፤ ቀበቶህን እንደታጠቅህ መሪውን አጥብቀህ ያዝ፥ ከሚወድቅበት ወገን በተቃራኒ ዘንበል በል» የሚል ነው።

በመጨረሻም ስለ ግሥ እርባታ አንድ ነገር አለን። ኢትዮጵያ የሥራ ደኅንነትን የሚመለከተውን 155ኛውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1983 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011ም አሠሪው የሥራውን አደጋ ለሠራተኛው እንዲያስታውቅ ያዛል። በኢንዱስትሪ ፓርኮቻችን ከሚሠሩት አብዛኞቹ ሴቶች ሆነው ሳለ «ከመንሹ ሥር አትቁም» ተብሎ ሲለጠፍ ቃሉ ለወንድ ብቻ ይናገራል። «ከተሰቀለ መንሽ ሥር መቆም ክልክል ነው፤ በመንሽ ላይ ሰው አይጫንም» ተብሎ ቢጻፍ ሁሉንም ይመለከታል፥ በሰሌዳውም ላይ ብዙ ቦታ አይፈጅም።