በኦዋቶና ከተማ ስላለው የባንክ ቤት

ቤት ሠሪ እንደ ባለቅኔ ነው፤ በቃል ሳይናገር የልቡን አሳብ በድንጋይ ይገልጣልና። በአሜሪቃ በሚኒሶታ አገር፥ ኦዋቶና በምትባል ትንሽ የገበሬዎች ከተማ የቆመው የባንክ ቤት ለዚህ ምስክር ይሆነናል።

በዚያ ዘመን ብዙ ባንኮች የግሪክንና የሮማን ቤተ ጣዖት እያስመሰሉ በታላላቅ ዓምድ ይሠሩ ነበር፤ ይኸውም ሕዝቡ ዓምዱን አይቶ ገንዘቡን አምኖ እንዲሰጥ ነው። የኦዋቶና ባንክ ሹም ሚስተር ካርል ቤኔት ግን ይህን አልወደደም። የቺካጎውን የሕንፃ ሊቅ ሉዊስ ሳሊቫንን ጠርቶ አሠራው፤ ሥራውም እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1908 ዓ.ም. ተፈጸመ።

ቤቱ በአራት ማዕዘን፥ ወርዱም ርዝመቱም 68 ጫማ ሆኖ እንደ ሣጥን የተሠራ ነው፤ ከሥሩ ቀይ ድንጋይ፥ ከዚያ በላይ ጡብ ነው። በመንገድ በኩል ያሉት ሁለቱ ግድግዳዎች ግን በታላላቅ ቅስት ተከፍተው ባለ ቀለም መስተዋት ተደርጎባቸዋል። እንግዲህ ሰሙ ሣጥን ነው፤ ወርቁ ብርሃን ነው። ግድግዳው «አደራህን እጠብቃለሁ» ሲል መስኮቱ «ከአንተም አልሰውረውም» ይላል። በውስጡም ኦስካር ግሮስ ላሞችንና መከርን ሥሎበታል፤ ገበሬውም ሲገባ የባዕድ አገር ጣዖት ሳይሆን የገዛ ሀብቱን ያያል።

ነገር ግን የምነቅፈው አለኝ። ጆርጅ ኤልምስሊ የነደፋቸው አራቱ የብረት መብራቶች እያንዳንዳቸው ከ2 ቶን በላይ ይመዝናሉ፤ በጌጥም ተጨናንቀዋል። ቃል የበዛበት ቅኔ ምሥጢሩ እንደሚሸፈን፥ እነዚህም ከመስኮቱ ብርሃን ጋራ ይፎካከራሉ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ያሳዝናል። ሳሊቫን በ1924 በድህነት ሞተ፤ ባንኩም በ1926 ከሰረ። የሣጥን አምሳል አደራውን አላዳነውም፤ አደራ የሚጠበቀው በሰው እንጂ በግድግዳ አይደለምና። በ1940ም ቤቱን እናድስ ያሉ ሰዎች ከውስጥ ጌጡ ብዙውን አፈረሱ፤ ኋላ የመጡት ግን ተጸጽተው በብዙ ድካም ጠገኑት።

እነሆ፥ ሰሙ ቀለጠ፤ ወርቁ ቀረ። ባንኩ ሲጠፋ ብርሃኑ አልጠፋም። ስለዚህ አሮጌ ቤት የተረከባችሁ ሆይ፥ መዶሻ ከማንሣታችሁ አስቀድሞ ቤቱ የሚለውን አድምጡ።