ፕላኑ ከውሃ ሲጀምር

ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ በአሜሪካ የሚኒሶታ ግዛት፣ ከሴንት ፖል በስተደቡብ፣ በሚሲሲፒ ወንዝ ምዕራባዊ ዳርቻ የምትገኝ የዳኮታ ካውንቲ ከተማ ናት። የዛሬ ቅርጿን የያዘችው እ.ኤ.አ. በ1965 የኢንቨር ግሮቭ መንደርና በዙሪያው ያለው ገጠር ሲዋሃዱ ነው። በ2020 ቆጠራ 35,801 ነዋሪ ተመዝግቦባታል። በቁጥር ሲታይ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ዙሪያ ካሉት ብዙ ከተሞች የምትለይበት ነገር የለም። ለከተማ ፕላን ባለሙያ ትምህርት የሚሆነው የሰሜን ምዕራብ ክፍሏ ነው። እዚያ ፕላኑ የተነሳው ከመንገድ ሳይሆን ከውሃ ነው።

ይህ ክፍል ከ3,000 ኤከር፣ ማለትም ከ1,200 ሄክታር በላይ ይሸፍናል። ገጽታው የጥንቱ የበረዶ ግግር ሥራ ነው። ግግሩ ሲያፈገፍግ ደለል ውስጥ ተቀብረው የቀሩ ግዙፍ የበረዶ ቁራጮች ውለው አድረው ሲቀልጡ፣ መሬቱ በየቦታው ሰምጦ ጎድጓዳ ሆነ። አብዛኛው ጎድጓዳ መውጫ የለውም። ዝናቡ ከጉብታው ወርዶ እዚያው ይጠራቀማል፤ ከፊሉ ይሰርጋል፣ ከፊሉ ይተናል፤ ወደ ወንዝ የሚያደርሰው ጅረት ግን የለም። እርሻና ሰፊ ግቢ ያላቸው ጥቂት ቤቶች ብቻ በነበሩበት ዘመን ይህ ማንንም አላስቸገረም። ጣሪያና አስፋልት ሲበዛ ግን ነገሩ ይለወጣል። ኩሬው ይሞላና ውሃው የሰው ምድር ቤት ውስጥ ይገባል።

የተለመደው መፍትሔ ትልቅ ቱቦ ቀብሮ፣ ሲያስፈልግም ፓምፕ ተክሎ ውሃውን ወደ ሚሲሲፒ ማውረድ ነው። ይህ ብዙ ወጪ አለው፤ የመንገድ ዘይትና የሣር ማዳበሪያም አብሮ ወንዙ ውስጥ ይገባል። ከተማዋ በ2000ዎቹ ለአካባቢው ልዩ ደንብ ስታወጣ ሌላ መንገድ መረጠች። አልሚው የቦታውን ዝናብ በተቻለ መጠን እዚያው እንዲያስቀርና እንዲያሰርግ፣ ከመሬቱም አንድ አምስተኛውን ክፍት አድርጎ እንዲተው ተደነገገ። ጎድጓዳዎቹ በአፈር ተሞልተው እንዲጠፉ የሚታዩ እንቅፋቶች መሆናቸው ቀረና የአካባቢው የውሃ ሥርዓት ዋና አካል ሆኑ።

ደንቡ ያመጣው ትልቁ ለውጥ በንድፍ ጠረጴዛው ላይ ነው። የተለመደው ልማድ መጀመሪያ መንገድ ማስመር፣ ቀጥሎ ቦታውን መሸንሸን፣ በመጨረሻ ውሃውን በተረፈው ጥግ ማስገባት ነው። እዚህ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። በመጀመሪያ በኮንቱር ካርታው ላይ ዝቅተኛዎቹ ነጥቦችና ውሃው ሞልቶ ቢፈስ የሚሄድበት መስመር ይለያሉ። ከዚያ አፈሩ ይመረመራል፤ አሸዋ ያለበት ስፍራ ለማስረጊያ ይጠበቃል፤ ሸክላማውና ውሃ የማያሳልፈው ቤት ይሠራበታል። መንገዱ በመጨረሻ ይመጣል፤ የጉብታውን ጀርባ ተከትሎ ይጠማዘዛል፣ በተቻለ መጠንም ይጠብባል፤ ከስፋቱ የሚቀነስ እያንዳንዱ ሜትር የሚወርደውን ጎርፍ ይቀንሳልና።

የዚህ ሥርዓት ትንሹ ክፍል የዝናብ ውሃ ማስረጊያ አትክልት ነው። ከሩቅ ሲታይ ተራ የአበባ መደብ ይመስላል። የመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ በአንድ ቦታ ተቆርጦ ለውሃው በር ይከፈትለታል፤ ከበሩ ቀጥሎ ደለሉና ቅጠሉ ተለይቶ የሚቀርባት ትንሽ ጉድጓድ አለች፤ ከዚያ ውሃው ዝቅ ብሎ በተደለደለው መደብ ላይ ይተኛል። በሚኒሶታ መመሪያ መሠረት በ48 ሰዓት ውስጥ ሰርጎ ማለቅ አለበት። የሚተከለው ረጅም ሥር ያለው የአገሬው የሜዳ ሣር ነው፤ ሥሩ ሲያድግም ሲሞትም ለውሃው ቀዳዳ ይተዋል። ሥራው የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ በንድፍ ሳይሆን በግንባታ ነው። ኤክስካቫተሩ መደቡ ላይ አንድ ቀን ቢመላለስ አፈሩ ይጠቀጠቅና እንደ ወለል ሲሚንቶ ውሃ አያሳልፍም። ስለዚህ ቦታው ከመጀመሪያው ቀን ታጥሮ መቆየት፣ መደቡም ከዳር ሆኖ መቆፈር፣ በመጨረሻም ለውሃው መከፈት አለበት። ጨው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በክረምቱ በረዶ ላይ የሚበተነው ጨው በአፈር አይጣራም፤ ከውሃው ጋር ሰርጎ ወደ ከርሰ ምድር ይወርዳል። ለዚህ ከመቆጠብ በቀር የተገኘ መድኃኒት የለም።

ክፍት መሬት መተው ከቤት ጥግግት ጋር መጋጨቱ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1967 የተቋቋመው የክልሉ ዕቅድ አውጪ፣ ሜትሮፖሊታን ካውንስል፣ የፍሳሽ መስመር የተዘረጋበት መሬት በጥቂት ቤቶች እንዲባክን አይፈልግም። ማስታረቂያው ቤቶቹን በጉብታው ላይ አቀራርቦ መሥራትና የተረፈውን ለጋራ መተው ነው። ይህም ሰፊ የግል ግቢ ለሚወደው ገዢ ብዙ አይጥመውም።

ሰሜን ምዕራቡ ውሃን በተመለከተ የተሳካ ሥራ ነው፤ እግረኛን በተመለከተ ግን ያን ያህል አይደለም። በሳውዝ ሮበርት ትሬይል አጠገብ ባለው የአርጀንታ ሂልስ የንግድ ስፍራ የመኪና ማቆሚያው ሳይቀር በዝናብ አትክልት የተከፋፈለ ነው፤ ደንበኛው ግን የሚመጣው በመኪና ነው። ሀይዌይ 55 እና ኢንተርስቴት 494 አካባቢውን ቆራርጠውታል። መንገዱ ከመልክዓ ምድሩ ጋር ሲጠማዘዝ አጭር መንገድ ፈልጎ በእግሩ የሚሄድ ሰው ይረሳል። ደንቡ ለውሃ የሠራውን ያህል ለመራመጃ አቋራጭም ሊሠራ ይገባው ነበር።

እግረኛ የተሻለ ያገኘው በወንዙ ዳር፣ በአሮጌው ሠፈር ነው። በ1895 የተሠራው የሮክ አይላንድ ድልድይ ባለ ሁለት ፎቅ ነበር፤ ከላይ ባቡር፣ ከታች ጋሪና መኪና ያልፍበታል፤ መርከብ ሲመጣ መካከሉ ይሽከረከራል። ባቡሩ በ1980፣ መኪናው በ1999 ቆመ፤ በ2008 ከፊሉ ተደረመሰ። ሁሉንም አፍርሶ መገላገል ይቻል ነበር። ነገር ግን በኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ በኩል ያለው ክፍል ተጠግኖ፣ ወደ 670 ጫማ ወንዙ ውስጥ የሚዘልቅ የመናፈሻ መራመጃ ሆኖ በ2011 ተከፈተ። በአጠገቡ የሚያልፈው የወንዝ ዳር የእግርና የብስክሌት መንገድ ወደ ሴንት ፖልም ወደ ሄስቲንግስም ያደርሳል። መኪና የሌለው ሕፃንና ሽማግሌ ወንዙ ላይ ቆሞ መመልከት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ትምህርት ወደ አዲስ አበባ ብናመጣው መሬቷ ተቃራኒ ነው፤ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ አንድ ረጅም ተዳፋት በመሆኗ ውሃው የሚወርደው በጥድፊያ ነው። የሥራው ቅደም ተከተል ግን እዚያም ይሠራል። በአሸዋ ላይ የሚነጠፈው ኮብልስቶን ጥቂትም ቢሆን ውሃ ያስገባል፤ የታሸገ አስፋልትና በሲሚንቶ የተለሰነ ግቢ ግን ምንም አያስገባም። በታች፣ በከተማዋ ወንዞች ዳር የሚሠራ መናፈሻና የድንጋይ ግንብ ብቻውን ጎርፍን አይመልስም። በጉለሌና በሽሮ ሜዳ ከፍታ ላይ ያለ እያንዳንዱ ግቢ የራሱን ዝናብ የሚያስቀርበት ቦታ በንድፉ ላይ ሊሰመር፣ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠውም ያ ቦታ ከታየ በኋላ ሊሆን ይገባል።